እማዬ «ሳሎን» ስትል የሚበራ መብራት

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ሌሊት እማዬ ለጸሎት ተነስታ ኮሪደሩ ላይ ወደቀች። የምንኖረው በሴንት ፖል፣ አሮጌ አፓርትመንት ውስጥ ነው። የኮሪደሩ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው በእሷ መኝታ ቤት በር አጠገብ ሳይሆን ማዶ፣ ከመግቢያው በር ጎን ነው። ግድግዳውን እየዳሰሰች ስትሄድ ጫማ አደናቀፋት። ጫማው የኔ ነበር። ጉልበቷ ሁለት ሳምንት አብጦ ሰነበተ፤ አጥንቷ ግን አልተሰበረም፣ ተመስገን። እሷ «ምንም አልሆንኩም፣ አንተ ትምህርትህን አጥና» ብላ ወሬውን ዘጋችው። እኔ ግን ከአእምሮዬ ሊወጣልኝ አልቻለም።

በዚያው ቅዳሜ ድምፅ የሚሰማ ስፒከርና አራት ስማርት አምፖሎች ገዝቼ መጣሁ። ገጥሜ ለመጨረስ አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም። በእንግሊዝኛ አዘዝኩ፤ ኮሪደሩ በራ። እማዬ እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቀች። ቀጥሎ ተራው የእሷ ሆነ። ወደ ስፒከሩ ጎንበስ ብላ፣ እንግዳ ሰው እንደምታናግር፣ «እስቲ የኔ እህት፣ መብራቱን አብሪልኝ» አለች። ስፒከሩ አልገባኝም ብሎ መለሰ። ደገመችው። አሁንም አልገባውም። እማዬ ቀና ብላ አየችኝና «ይቺ ልጅ አማርኛ አትሰማም እንዴ?» አለችኝ።

አትሰማም። ለእሷ ብዬ የገዛሁት ዕቃ የሚያገለግለው እኔን ብቻ ሆነ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ በብርዱ ወራት ስሞክር፣ ሳበላሽና ሳስተካክል የተማርኩትን የያዘ ነው። ብዙዎቻችን ከወላጆቻችን ወይም ከአያቶቻችን ጋር እንኖራለን፤ ወይም ቅዳሜና እሑድ እየሄድን ቤታቸውን እናያለን። የቴክኖሎጂ ዕቃ ሲበላሽ የሚጠራውም የቤቱ ተማሪ ነው። ስለዚህ መብራቱን ስንገጥም ለራሳችን ሳይሆን ለሚጠቀምበት ሰው እንዲሆን አድርገን እንግጠም።

ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ስትጠልቅ

ሀገር ቤት ሰዓት የምንቆጥረው በፀሐይ ነው። ጠዋት ስትወጣ 12፣ ማታ ስትጠልቅ 12። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች፣ የዓመቱ አጭሩና ረጅሙ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። እኛ ያለንበት ግን 45ኛው ዲግሪ ነው። እዚህ በታኅሣሥ መጀመሪያ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በአጭሩ ቀን የቀን ብርሃን ዘጠኝ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ጠዋትም ፀሐይ የምትወጣው ወደ 2 ሰዓት ሲቃረብ ነው። በሰኔ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ ብርሃን ይሆናል።

ይህ ለመብራታችን ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛ፣ ትልልቅ ሰዎች በብርዱ ወራት አብዛኛውን ጊዜ በጨለማ ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ። በአሜሪካ ዕድሜያቸው 65 ዓመት ከሞላቸው ሰዎች ከአራቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት በየዓመቱ እንደሚወድቁ የአገሪቱ የበሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል ይናገራል። ሁለተኛ፣ «በየቀኑ 12 ሰዓት ላይ ይብራ» ብሎ መሙላት እዚህ አይሠራም። በታኅሣሥ ቤቱ አንድ ሰዓት ተኩል በጨለማ ይቆያል፤ በሰኔ ደግሞ አምፖሉ ፀሐይ ፊት ይበራል። መፍትሔው ወደ ኋላ ይመጣል።

ይህ ነገር ለዚህ ከተማ አዲስ አይደለም

ቤት ራሱን በራሱ እንዲያስተካክል የማድረግ ሐሳብ አንዱ ሥሩ እዚሁ ሚኒያፖሊስ ነው። በ1885 አልበርት ባትዝ የተባለ፣ ከስዊዘርላንድ የመጣ ሰው የከሰል ምድጃ መቆጣጠሪያ ሠራ። ክፍሉ ከተወሰነው ሙቀት በታች ሲቀዘቅዝ፣ ትንሽ ሞተር የምድጃውን የአየር መግቢያ ትከፍትና እሳቱ ይበረታል። ሲሞቅ ትዘጋዋለች። እሱ የጀመረው ኩባንያ ከብዙ ለውጥ በኋላ ሃኒዌል ሆነ፤ በ1953 ያወጣው ክብ ቴርሞስታት ዛሬም በብዙ የከተማችን ቤቶች ግድግዳ ላይ አለ።

ከዚያ ክብ ዕቃ አንድ ትምህርት እወስዳለሁ። ቋንቋ አይጠይቅም። አማርኛ ተናጋሪውም፣ ሶማሊኛ ተናጋሪውም፣ ኦሮምኛ ተናጋሪውም ያዞረዋል። የእማዬ መብራትም እንደዚያ ሊሆን ይገባዋል።

ድምፁ ከአፍ እስከ አምፖል እንዴት ይሄዳል?

የአማዞኑ አሌክሳ በ2014፣ የጉግሉ ስፒከር በ2016፣ የአፕሉ ደግሞ በ2018 ገበያ ላይ ዋሉ። የሦስቱም አሠራር በመሠረቱ ይመሳሰላል።

መጀመሪያ ስፒከሩ የሚጠብቀው የመጥሪያ ስሙን ብቻ ነው። ይህን የሚያደርገው እዚያው ቤት ውስጥ፣ በራሱ ቺፕ ነው። ስሙን ሲሰማ ቀጥሎ የምንለውን መቅዳት ይጀምራል። የተቀዳው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በኢንተርኔት ወደ ኩባንያው ኮምፒውተሮች ይላካል። እዚያ ድምፁ ወደ ጽሑፍ ይለወጣል፤ ከጽሑፉም ሁለት ነገር ይፈለጋል፦ የትኛው ዕቃ? ምን ይሁን? «ሳሎን» እና «ይብራ» ከተገኙ ትእዛዙ ተመልሶ ወደ አምፖሉ ይመጣል። ይህ ሁሉ አንድ ሁለት ሰከንድ ቢፈጅ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልብ በሉ። ኢንተርኔት ከተቋረጠ ድምፁ አይሠራም፤ ሊሠራ ቢችልም በተወሰኑ ዕቃዎች ብቻ ነው። ቋንቋው ካልታወቀ ጽሑፉ ስለማይገኝ ትእዛዝ አይኖርም። የአምፖሉ ስም ለጆሮ ግልጽ ካልሆነ ደግሞ ቋንቋው ቢታወቅም የተሳሳተ መብራት ይበራል።

አማርኛ ለምን አይሰማም?

በእነዚህ የቤት ስፒከሮች የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ የለም። ምክንያቱ አማርኛ ለማሽን የማይቻል ቋንቋ ስለሆነ አይደለም። ጉግል በ2017 በስልክ ላይ በድምፅ መጻፍን በአማርኛ አስችሏል። በ2005 ሰሎሞን ተፈራ አባተ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያቀረበው የአማርኛ የድምፅ ስብስብ 100 ሰዎች ያነበቡት 20 ሰዓት ንግግር ነበረው። ጥናቱ ድሮ ተጀምሯል፤ የሚጎድለው ብዛት ነው። ኦፕን ኤአይ በ2022 ያወጣው ዊስፐር የተባለው ሞዴል የተማረው ከ680,000 ሰዓት ድምፅ ነው፤ አማርኛ በዝርዝሩ ውስጥ ቢኖርም ድርሻው እጅግ ትንሽ ነው።

ቋንቋውም የራሱ ፈተና አለው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ መብራት የሚያዘው በአንድ ቃል ነው። እኛ ግን «አብራ»፣ «አብሪ»፣ «አብሩ»፣ «ያብሩ»፣ «አብሪልኝ»፣ «ይብራልኝ» እንላለን። ማሽኗን እንደ እህት፣ እንደ ልጅ ወይም እንደ አንቱ ሰው ብናያት ቃሉ ይለወጣል። ጠብቆና ላልቶ መነበብም አለ፤ «ገና» ስንል በዓሉን ይሁን «ገና ነው» የምንለውን የሚለየው የ«ና» መጥበቅና መላላት ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ የሠለጠነ ጆሮ ደግሞ ቀ፣ ጠ፣ ጨ እና ጸ የሚባሉትን ድምፆች ጨርሶ አያውቃቸውም። ይህን ማወቅ ጥቅም አለው፤ የአምፖሎቹን ስም ስናወጣ እንጠቀምበታለን።

ከመግዛታችሁ በፊት

አንድ ምሽት ቁጭ ብላችሁ ወላጃችሁ የሚሄዱበትን መንገድ እዩ። ሌሊት ከየት ተነስተው ወዴት ይሄዳሉ? ምን ያህል ጊዜ? እጃቸው ግድግዳውን የሚፈልገው የት ጋ ነው? እኛ ቤት መልሱ አጭር ነበር፦ ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ቤት፣ ከአልጋ እስከ ማድ ቤት። አራት አምፖል በቂ ነው። ቤቱን ሁሉ መቀየር አያስፈልግም።

ቀጥሎ ምርጫው አምፖሉን መቀየር ነው ወይስ ማብሪያ ማጥፊያውን? ተከራይ ከሆናችሁ አምፖል ቀይሩ። ስትወጡ ነቅላችሁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ፤ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም። ስማርት ማብሪያ ማጥፊያ ግን ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ መንካት ነው። አብዛኞቹ ኒውትራል የሚባለውን ሽቦ ይፈልጋሉ፤ በከተሞቻችን አሮጌ ቤቶች ደግሞ ይህ ሽቦ በማብሪያ ማጥፊያው ሳጥን ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም። የራሳችሁ ቤት ከሆነና ይህን ከመረጣችሁ ባለፈቃድ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

አምፖሉን ስትገዙ አራት ነገር ከሳጥኑ ላይ አንብቡ።

1. ከስፒከራችሁ ጋር ይሠራል? በ2022 የወጣው ማተር የሚባለው የጋራ ደረጃ ምልክት ያለበት ከሆነ ከአማዞን፣ ከጉግልም ከአፕልም ጋር ይግባባል።
2. የሚገናኘው በምንድን ነው? የዋይፋይ አምፖል ሌላ ዕቃ አይፈልግም፤ ዚግቢ የሚባለው ግን የራሱን ማገናኛ ሳጥን ወይም ማገናኛው ውስጡ ያለበት ስፒከር ይፈልጋል። ለአራት አምፖል ዋይፋይ ይበቃል፤ ለአሥራ አምስት ግን ዚግቢ ይሻላል።
3. ዝግ ግሎብ ውስጥ መግባት ይችላል? ካልተፈቀደለት ይሞቅና ዕድሜው ያጥራል።
4. ቮልቱ ስንት ነው? እዚህ የሚሸጡት ብዙዎቹ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠሩ ናቸው። ሀገር ቤት 220 ነው። ለአክስታችሁ በሻንጣ ልትልኩ ካሰባችሁ መጀመሪያ ይህን አረጋግጡ።

ብርሃኑን በዲመር የሚያሳንስ ማብሪያ ማጥፊያ ያለበት ቦታም ስማርት አምፖል አትግጠሙ። ሁለቱ ይጣላሉ፤ መብራቱ ይርገበገባል።

አገጣጠሙ፦ ድምፅ መጨረሻ ይምጣ

እኔ የጀመርኩት ከድምፅ ነበር፤ ስሕተቴም እሱ ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል በራሱ እንዲበራ፣ ከዚያ በእጅ፣ ከዚያ በድምፅ ነው። እያንዳንዱ አስፈላጊ መብራት በሦስቱም መንገድ መብራት ከቻለ፣ አንዱ ቢያቅተው ሌላው ይተካዋል።

*መገናኘት።* አምፖሉን ግጠሙ፣ በግድግዳው ማብሪያ አብሩት፣ የአምፖሉን አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ብዙዎቹ የዋይፋይ አምፖሎች የሚያውቁት 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን ሞገድ ብቻ ነው። ስልካችሁ በ5 ጊጋኸርዙ ላይ ከሆነ አንዳንዴ አይገናኙም፤ ራውተሩ ላይ ሁለቱን በተለያየ ስም ለዩአቸው። እንደ ሴዳር ሪቨርሳይድ ባሉ ረጃጅም ሕንፃዎች የጎረቤት ዋይፋይ ስለሚበዛ 2.4ቱ ይጨናነቃል፤ አምፖሉ የሚጠፋፋባችሁ ከሆነ የራውተሩን ቻናል ቀይሩት ወይም ራውተሩን ወደ ኮሪደሩ አቅርቡት።

*በራሱ እንዲበራ።* አፑ ውስጥ የጊዜ ሰሌዳ ስትሞሉ በሰዓት ሳይሆን «ፀሐይ ስትጠልቅ» በሚለው ሙሉት። አፑ ከአድራሻችሁ ተነስቶ የየቀኑን ጀንበር ያሰላል። የእኛ ሳሎን ፀሐይ ከመጥለቋ 20 ደቂቃ በፊት ይበራል፤ በታኅሣሥም በሰኔም ዳግመኛ አልነካሁትም። የሰዓት ለውጥ ሲመጣም ራሱ ይከተላል።

ለኮሪደሩ የእንቅስቃሴ ሴንሰር ግዙ። ይህ ከሁሉ በላይ የረዳን ዕቃ ነው፤ እማዬ እግሯን ከመኝታ ቤት ስታወጣ ያያታል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ፀሐይ መውጫ ድረስ አምፖሉ 10 በመቶ ብቻ፣ ሞቅ ባለ ቢጫ ብርሃን እንዲበራና ከ5 ደቂቃ በኋላ እንዲጠፋ አድርጉት። ሙሉ ብርሃን ሌሊት ዓይን ይወጋል፤ ከዚያ ጨለማ ውስጥ ሲገቡ ምንም አይታይም። ሴንሰሩን ከወለሉ ብዙ ሳይርቅ፣ በጉልበት ከፍታ ለጥፉት፤ እግር እንጂ ራስ አይጠብቅ።

*በእጅ።* የስማርት አምፖል ትልቁ ጠላት የግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያ ነው። አንድ ሰው በልማድ ሲያጠፋው አምፖሉ ኤሌክትሪክ ያጣል፤ ከዚያ በኋላ ድምፅም፣ ሴንሰርም፣ አፕም አይሠራም። እኛ ቤት የመጀመሪያውን ሳምንት የሚያጠፋው አባዬ ነበር፤ «መብራት ዝም ብሎ አይቃጠልም» እያለ። እሱን ማስተማር አላዋጣም፤ ዕቃውን ማስተካከል ነበረብኝ። ከማብሪያው ላይ የሚገጠም ፕላስቲክ መሸፈኛ አደረግሁበት፣ አጠገቡም በባትሪ የሚሠራ ገመድ አልባ ቁልፍ ለጠፍኩ። አንድ ሌላ ቁልፍ ደግሞ ከእማዬ አልጋ ራስጌ። አሁን አባዬ እንደ ድሮው ተጭኖ ያጠፋል፣ አምፖሉ ግን ኤሌክትሪክ አያጣም።

*በድምፅ።* አሁን ስፒከሩን ከአምፖሎቹ ጋር አገናኙት። ለአንድ ክፍል መብራቶች አንድ የጋራ ስም ስጡ። የስም አወጣጡ ግን ለብቻው መነገር አለበት።

ስም አወጣጥ

ዘዴው ቀላል ነው፦ በእንግሊዝኛ ጆሮ የሚሰማ የአማርኛ ቃል ፈልጉ። እግዜር ይስጠው፣ ከውጭ ወስደን የራሳችን ያደረግናቸው ቃላት ብዙ ናቸው። «ሳሎን» የሚለውን ማሽኑ በራሱ ቃልነት ያውቀዋል። «ኮሪደር»ም እንዲሁ። «ሻወር» የታወቀ ነው። «ማድ ቤት» ሲባል ለእንግሊዝኛ ጆሮ ሁለት አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት ይመስሉታል፤ አፑ ላይ እንደዚያው አድርጋችሁ ጻፉለት። «መኝታ ቤት» ግን «ኝ» ስላለበት ይቸግራል፤ የእማዬን ክፍል «ማማ» አልነው። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ ያለባቸውን ቃላት ተዉአቸው።

ለማብራትና ለማጥፋት «ኦን» እና «ኦፍ» በቂ ነው። እማዬ ሁለቱን ከምድጃውና ከማሞቂያው ታውቃቸዋለች። ሙሉ ዓረፍተ ነገር አያስፈልግም፤ የመጥሪያ ስሙን ጠርቶ «ሳሎን ኦን» ማለት ይበቃል።

ንጹሕ አማርኛ ከፈለጋችሁ ሌላ መንገድ አለ። በአሌክሳም በጉግልም አፕ ውስጥ «ይህን ስል ይህን አድርግ» የሚል ትእዛዝ መሥራት ይቻላል። እንዲህ አድርጉ፦ ወላጃችሁ «መብራት» ወይም «ቡና» የሚለውን ቃል አምስት ስድስት ጊዜ ለስፒከሩ ይበሉ። ከዚያ የድምፅ ታሪኩን ከፍታችሁ ማሽኑ ምን ብሎ እንደጻፈው እዩ። ምናልባት የማይረባ የእንግሊዝኛ ቃል ጽፎት ይሆናል። ግድ የለም፤ ያንኑ የጻፈውን ቃል የትእዛዙ መጥሪያ አድርጉት። ሁለት ሦስት ዓይነት አድርጎ ከጻፈው ሁሉንም ሙሉ። ማሽኑ አማርኛ አልቻለም፤ እናንተ ግን የእሱን ስሕተት ለቃል አደረጋችሁት። እኛ ቤት «ቡና» ስትባል የሳሎኑ መብራት ዝቅ ብሎ ቢጫ ይሆናል፣ የማድ ቤቱ ደግሞ ሙሉ ይበራል።

ይህን ስትሠሩ የእናንተን ድምፅ ሳይሆን የእነሱን ተጠቀሙ። እኔ መጀመሪያ በራሴ ድምፅ ሞክሬ ሠርቶ ነበር፤ እሷ ስትለው ግን ሌላ ሆነ። በተጨማሪም ስፒከሩ ሌሊት ረጅም መልስ እንዳይመልስ በአጭሩ እንዲመልስ አድርጉት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ማንም ወሬ አይፈልግም።

ዶርም ለምትኖሩ

የኮሌጅ ዋይፋይ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ጠይቆ ነው የሚያስገባው፤ አምፖል ደግሞ ያን መሙላት አይችልም። ስለዚህ ዶርም ውስጥ የዋይፋይ አምፖል ብዙ ጊዜ አይገናኝም። በብሉቱዝ በቀጥታ ከስልክ ጋር የሚገናኝ አምፖል ግዙ፤ የጠረጴዛ መብራት ላይ ግጠሙት። ፀሐይ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት በማትወጣበት ወር፣ ከመነሻችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት ቀስ እያለ የሚደምቅ ነጭ ብርሃን ከደወል ይልቅ ያነቃል። ማይክሮፎን ያለው ስፒከር ከማስገባታችሁ በፊት ግን አብሮ የሚኖረውን ጠይቁ።

መብራት ሄደ፣ መብራት መጣ

በአማርኛ «መብራት» ብርሃኑም ነው፣ ኤሌክትሪኩም ነው። ሀገር ቤት «መብራት መጣ!» ሲባል ሰፈሩ ሁሉ ይጮሃል። እዚህም የበጋው ነጎድጓድና ነፋስ ሽቦ ሲጥል ኤሌክትሪክ ይጠፋል። ሲመለስ ብዙ ስማርት አምፖሎች ከፋብሪካ እንደወጡ ሙሉ ብርሃን ያበራሉ። አንድ ሌሊት ቤቱ በሙሉ ቦግ ብሎ ሁላችንንም ቀሰቀሰን፤ እማዬ ብቻ ነች የሳቀችው። በአምፖሉ አፕ ውስጥ «ኤሌክትሪክ ሲመለስ» የሚል ምርጫ ፈልጉና «እንደነበረ ይሁን» በሚለው አድርጉት።

ጆሮ ያለው ዕቃ ቤት ማስገባት

ማይክሮፎን ቤት ሲገባ የቤቱ ሰው ሁሉ ማወቅ አለበት። በ2019 ጋዜጦች እንደዘገቡት፣ ኩባንያዎቹ ከተቀዱት ድምፆች ጥቂቱን ሠራተኞች እንዲያዳምጡ ያደርጉ ነበር። በ2023 ደግሞ አማዞን የልጆችን የድምፅ ቅጂ ይዞ አቆይቷል በሚል በቀረበበት የመንግሥት ክስ 25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

እኔ ይህን ለእማዬ በአማርኛ ነገርኳት፤ ውሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሌላ የሚነግራት የለም። እሷም ሁለት ነገር ወሰነች፦ መኝታ ቤቷ እንዳይገባ፣ እንግዳ ሲመጣ እንዲዘጋ። ስፒከሩ ሳሎን ተቀመጠ፤ ማይክሮፎኑን የሚዘጋውን ቁልፍ አሳየኋት። የተቀዳው ድምፅ በየጊዜው እንዲሰረዝም አፑ ላይ ሞላሁ። መኝታ ቤቷ ውስጥ ያለው ቁልፍና ሴንሰር ብቻ ነው፤ ሁለቱም ጆሮ የላቸውም።

ወጪውስ?

የዋይፋይ አምፖል ከ10 ዶላር ገደማ ጀምሮ ይገኛል። ትንሹ ስፒከር 50 ዶላር አካባቢ ነው፤ በኅዳር የምስጋና ቀን ሰሞን ይረክሳል። «የኤሌክትሪክ ወጪ ይቀንሳል» የሚለውን ማስታወቂያ ግን በልኩ ያዙት። የድሮ 60 ዋት አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በዓመት 110 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፤ ያንኑ ብርሃን የሚሰጥ 9 ዋት ኤልኢዲ 16 ገደማ። ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 15 ሳንቲም ብንይዝ ከ16 ዶላር ተኩል ወደ 2 ዶላር ተኩል ይወርዳል። ይህ ቅናሽ ግን የኤልኢዲው እንጂ የስማርቱ አይደለም። እንዲያውም ስማርቱ ጠፍቶም ትእዛዝ ስለሚጠብቅ ግማሽ ዋት ያህል ይበላል፤ በዓመት 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ከሆነ ተራ ኤልኢዲ ግዙ። ስማርቱን የምትገዙት ሰው እንዳይወድቅ ነው።

የእኛ ድርሻ

ኮምፒውተር ሳይንስና ኢንጂነሪንግ የምታጠኑ አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ሆም አሲስታንት የሚባል፣ በ2013 የተጀመረ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ የቤቱን ዕቃ ወደ ውጭ ምንም ሳይልክ ያዛል። ከድምፅ ሞዴል ጋር አገናኝቶ በአማርኛ እንዲሰማ መሞከር ጥሩ የመመረቂያ ፕሮጀክት ይወጣዋል፤ ለመብራት የሚያስፈልገው ሃያ ሠላሳ ቃል ብቻ ነውና። ኮድ የማትጽፉ ደግሞ የሞዚላ ኮመን ቮይስ ገጽ ላይ ገብታችሁ የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮችን በድምፃችሁ አንብቡ። አማርኛ ከገጹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። በተለይ ትልልቅ ሰዎችን አስነብቡ፤ ማሽኑ የሚጎድለው የእነሱ ድምፅ ነው።

እኛ ቤት አሁን ሌሊት ኮሪደሩ ሳይጠየቅ በስሱ ይበራል። እማዬ አብዛኛውን ጊዜ ስፒከሩን አታናግረውም፤ ቁልፏንና ሴንሰሯን ትመርጣለች። ጎረቤት ለቡና ስትመጣ ግን ታናግረዋለች። ረከቦቱን ካቀረበች በኋላ ቀና ብላ «ሳሎን ኦን» ትላለች፤ ይበራል። ጎረቤቷ ስትገረም «አማርኛ እያስተማርኳት ነው» ትላታለች።

ጫማዬን ግን አሁን መደርደሪያ ላይ ነው የማስቀምጠው። እሱ አፕ አይፈልግም።